እማ ዘሃራ መምከር ያቆሙ ዕለት

ልጅ ስትወልጂ ሆስፒታሉ ሕፃን ብቻ ሰጥቶ አይሸኝሽም፤ አገር ሙሉ አስተማሪ አብሮ ይመርቅልሻል። ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ ባለሱቁ ይመክርሻል። ታክሲ ስትገቢ ረዳቱ ይመክርሻል። አንድ ቀን ኡራኤል መብራቱ ጋ ቆመን አጠገባችን ያለ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እህት፣ ኮፍያ አድርጊላት እንጂ፣ ምች ይመታታል!» አለኝ። ኮፍያ አድርጋ ነበር።

ሲሃም እባላለሁ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ምን ያመዋል እያልኩ እውላለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነኝም አላልኩም። ግን ሰው የታመመ ልጁን ታቅፎ ሲገባ ፊቱን ከሐኪሙ በፊት የማየው እኔ ነኝ። ፊት ደግሞ ብዙ ይናገራል።

ኑሰይባን ስወልድ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። መካሪ ሲመጣብኝ አልከራከርም፣ «ዶክተር መነን ከልክላኛለች» እላለሁ። ዶክተር መነን የምትባል ሴት የለችም። ከራሴ ነው ያወጣኋት። ቅቤ ከልክላለች፣ አብሽ ከልክላለች፣ ጭንቅላት ማሸት ከልክላለች። እንዲህ ያለች ክፉ ሐኪም አዲስ አበባ አይታ አታውቅም። ሰው እኔን ይቆጣኛል እንጂ ሐኪም አይቆጣም፤ ስለዚህ ሁሉም በመነን ላይ ራሱን እየነቀነቀ ሻዩን ጠጥቶ ይሄድልኛል።

ያልሄዱልኝ እማ ዘሃራ ናቸው፤ የባሌ የዓብዱልሀኪም እናት። ከወሎ መጥተው ብዙ ዘመን የኖሩበት የካዛንቺስ ግቢ ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ። እሳቸውም የደረሳቸውን ቤት ለእህታቸው ልጅ ትተው እኛ ጋ፣ ኡራኤል ጀርባ ወደተከራየናት ሁለት ክፍል መጡ። እርጉዝ ነበርኩ፤ መምጣታቸው ደስ አለኝ። እናቴ የሞተችብኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። እህት የለኝም። አራስ ቤት የያዙኝ፣ አጥሚት ያጠጡኝ፣ መቆም ሲያቅተኝ ደግፈው ሽንት ቤት የወሰዱኝ፣ ያንን ሁሉ የደም ጨርቅ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ያጠቡልኝ እማ ዘሃራ ናቸው። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጄን የሚይዙልኝም እሳቸው ነበሩ። ለሞግዚት የሚሆን አቅም የለንም፤ ሌላ ዘመድም የለኝም። ይህን መጀመሪያ የምናገረው ውለታ የማላውቅ እንዳልመስላችሁ ነው። ውለታቸውን አሳምሬ አውቃለሁ።

ግን አይተኙም ነበር። ምክራቸው አይተኛም ማለቴ ነው። ኑሰይባ ከሆስፒታል የመጣች ዕለት ጣታቸውን ቅቤ ነክረው አፏ ላይ ደረሱ፣ ጉሮሮዋ ይለስልስላት ብለው። በማግስቱ አብሽ ዘፈዘፉ፣ ሆዷን ያጥብላት ብለው። አፍንጫዋ ድፍጥጥ እንዳይል በየጠዋቱ ሳብ ሳብ ያደርጉላት ነበር። እኔም መነንን አወጣሁ።

«ይቺ መነን የምትያት ስንት ወልዳለች?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አልወለደችም።»

«እሱን በያ!» አሉና ቅቤውን ይዘው ወደ ኩሽና ተመለሱ።

ተከታይም ነበራቸው፤ እትዬ ሀብትነሽ፣ የካዛንቺሷ ጎረቤታቸው። ከተማው ዳር ከተዛወሩበት ሠፈር በአውቶቡስና በሁለት ታክሲ ይመጣሉ። በገቡ ቁጥር «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሉኛል፤ እማ ዘሃራ በኔ ፈንታ «አሚን» ይላሉ። እንዲህ ሆነው ነው አንድ ግቢ ውስጥ ያረጁት። አንድ ቀን እትዬ ሀብትነሽ ሳጠባ ቁጭ ብለው አይተው አይተው፣ «አሁን ይሄ ጡት ነው ወተት የሚይዘው? ልጅቷ እኮ በረሃብ ነው የምታለቅሰው» አሉ።

«የእርስዎ ልጅ ያን ሁሉ ወተት ጠጥቶ የት ደረሰ?» አልኳቸው።

ልጃቸው ፍሬአብ መጠጥ ቤት ካልተዘጋ ቤቱ አይገባም። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሠፈሩ ሁሉ ደግሞ ለእናቱ ሲል አያነሳባቸውም። እትዬ ሀብትነሽ ሻያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ ተነስተው ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ። ማታ ዓብዱልሀኪም «ምላስሽን ሰብስቢ እንጂ፣ እናት የምታክል ሴትዮ!» ብሎ ተቆጣኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ጡቴ ትንሽ አይደለም።

ከዚያ ኑሰይባን ጉንፋን ያዛት። አፍንጫዋ ተዘጋ፣ ስትጠባ እያቋረጠች ታለቅሳለች፣ የጠባችውን ትመልሳለች።

«እንጥሏ ወርዷል» አሉ እማ ዘሃራ።

እንጥል ጉሮሮ ጫፍ ላይ የምትንጠለጠለዋ ጣት የማታህል ሥጋ ናት። እሳቸው የሚያምኑት እንዲህ ነው፦ የሕፃን እንጥል ያብጣል፣ ጉሮሮውን ይዘጋል፣ በጊዜ ካልተቆረጠ ይፈነዳና ልጁን ይገድላል። ስለዚህ ወጌሻ ይጠራና አፉ ተፈልቅቆ በምላጭ ይቆረጣል። እሳቸው አገር ያልተቆረጠ ልጅ አልነበረም። ዓብዱልሀኪምም ተቆርጧል።

እኔ ደግሞ የማውቀው ሌላ ነው። ካርድ ክፍል ሳለሁ አንዲት ልጅ እግር እናት በፎጣ የተጠቀለለ ሕፃን ይዛ መጣች። «ስም?» አልኳት። ነገረችኝ። «ምን ያመዋል?» ስላት ፎጣውን ገለጠችልኝ። ፎጣው ከውስጥ ሌላ ቀለም ነበረው። እሷ አታለቅስም፤ «ትናንት እንጥሉን አስቆርጠነው ነው፣ ትንሽ ደም እንቢ ብሎት» ነው ያለችኝ፣ የጠፋ ቁልፍ እንደምትጠይቅ ሰው። ነርሷ ተቀብላት ገባች፣ ቶሎ ተመልሳ ወጣች፣ እኔን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ካርዱ ላይ የአባቱን ስም ገና አልጨረስኩም ነበር።

ስለዚህ ኑሰይባን ይዤ ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ እውነተኛ ሐኪም ጋ። ጉንፋን ነው፣ የአፍንጫ ጠብታ አድርጊላት፣ አጥቢያት አለኝ። ይህንኑ ለእማ ዘሃራ ነገርኳቸው።

«እንጥሏን አየው?»

«አይቶታል። ደህና ነው ብሏል።»

«እስኪፈነዳ ድረስ ሁሉም ደህና ነው» አሉ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ሌላ ጊዜ ሲመክሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ እጃቸው ይወራጫል። ያን ቀን ዝቅ አሉ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

እራት ላይ ዓብዱልሀኪም እንጀራውን እያየ፣ «እኔም ተቆርጬ ነው እኮ ያደግኩት። ማለቴ፣ ምን ሆንኩ?» አለ።

«ገና እያየሁህ ነው» አልኩት።

እናቱ ሳቅ አላሉም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሥራ የምመለስበትን ቀን ለመነጋገር ወደ ክሊኒኩ ልሄድ ወጣሁ። ኑሰይባን አጥብቼ፣ አስተኝቼ፣ ለእማ ዘሃራ ሰጥቼ ነው። ኡራኤል ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ጡቴ አፈሰሰ፤ ሸሚዜ ከፊት ለፊት ርሶ ሰው ሁሉ ያየኛል። በዚህ ሁኔታ አለቃዬ ፊት አልቀርብም ብዬ ልቀይር ተመለስኩ። ልጄ ዛሬ ደህና ያለችልኝ በዚያ በረጠበ ሸሚዝ ምክንያት ነው።

በሩ ላይ የማላውቀው የወንድ ጫማ ነበር።

ስገባ አንድ ሽማግሌ ሶፋችን ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ንጹሕ፣ ጨዋ የሚመስሉ ሰውዬ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ጫፉ የቆለመመ ቀጭን ብረትና ወረቀቱ ያልተፈታ ምላጭ ተቀምጧል። እማ ዘሃራ ምንጣፉ ላይ ናቸው። ኑሰይባን በሻርፓቸው እጇን ከጎኗ ጠፍረው ጭናቸው ላይ አጋድመዋታል። ከራስጌያቸው እትዬ ሀብትነሽ ተንበርክከው የልጄን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ኑሰይባ አታለቅስም። የአያቷን ፊት እያየች ነበር።

እንዴት እንዳነሳኋት አላስታውስም። ሻርፑ አብሮ መጣ።

«ልጄ፣ እኮ ወዲያው ነው የሚያልቀው፣ ምንም አይሰማትም» አሉ ሰውዬው፣ ስኒያቸውን ቀስ ብለው እያስቀመጡ።

«ከቤቴ ይውጡ።»

«ከቡልጋሪያ ሠፈር እስከ ቄራ ጠይቂ፤ በኔ እጅ አንድ ልጅ ሞቶ አያውቅም።»

«የሞቱት ተመልሰው አይነግሩዎትማ!»

ብረታቸውን በጨርቁ ጠቀለሉ። ምላጩን ትተውት ሄዱ፤ የገዙት እማ ዘሃራ ነበሩ። እትዬ ሀብትነሽ ጫማቸውን እያጠለቁ «ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉና ተከትለዋቸው ወጡ። ለዓብዱልሀኪም ደወልኩ።

«ታውቅ ነበር?»

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዓብዱልሀኪም፣ ታውቅ ነበር ወይ?»

«እማ በጣም ተጨነቀች… ማለቴ፣ አንቺ ሳታዪው ቢያልቅ ይሻላል ብዬ… በቃ…»

ዘጋሁበት። ሰይጣኔ መጥቶ ነበር፤ ግን የሚገርመው እንደወትሮው መጮህ አላማረኝም። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። እማ ዘሃራ ከምንጣፉ አልተነሱም፣ አላፈሩም፣ ይቅርታም አላሉ።

«ዛሬ ተመልሰሽ መጣሽ» አሉኝ። «ጥሩ። ነገ ሥራ ትገቢያለሽ። ወላሂ፣ ሲሃም፣ ስትወጪ አስቆርጣታለሁ። ከፈለግሽ አባርሪኝ፣ ልጄን በኔ ምክንያት ፍቺው፣ ምን ታመጪያለሽ! እኔ ሁለት ቀብሬያለሁ። ሦስተኛ አልቀብርም።»

«ዶክተሯ…»

«መነን ትምጣና እሷ ትቅበራት እንግዲያ!»

እማ ዘሃራ በሐሰት ወላሂ አይሉም። ካሉ ያደርጉታል። ባሌ ከእናቱ ጋር ነው። ላባርራቸው አልችልም፤ ካባረርኳቸው ሥራዬን መልቀቄ ነው፣ የቤት ኪራዩ ደግሞ በሁለታችን ደመወዝ ነው የሚከፈለው። የምይዘው ነገር አልነበረኝም። አንድ ብቻ ነበረኝ። ሁለት ልጅ እንደሞተባቸው አውቅ ነበር፣ እንዴት እንደሞቱ ግን ጠይቄ አላውቅም። የሞተ ልጅ ሰው ቤት ውስጥ አይቆፈርም። ኑሰይባን ጡቴ ላይ አድርጌ፣ በካርድ ክፍል ድምፄ ጀመርኩ።

«የመጀመሪያው ስሙ ማን ነበር?»

ገርሟቸው አዩኝ። «ሙዓዝ» አሉ።

«ምን አመመው?»

«እንደሷ። አፍንጫው ታፈነ፣ ጡት እንቢ አለ። እንጥሉ ነው ተባለ። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ምኑንም አላውቅ፤ ዛሬ ነገ ስንል ቆየንና አስቆረጥነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰነበተና መንጋጋው ተያዘ። ጡቴን አፉ ላይ አደርገዋለሁ፣ አፉ አይከፈትም። ስነካው እንደ ቀስት ይገተራል። በር ሲንኳኳ እንኳ ይገተራል።» ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። «ዘገየሽ አሉኝ። እንጥሉ ፈንድቶ መርዙን ቀድሞ ረጭቷል፣ ቶሎ ብትቆርጪው ኖሮ ይተርፍ ነበር አሉኝ። እናቴም አማቴም። ሁሉም።»

«ስለዚህ ቀጣይዋን ቶሎ አስቆረጡ።»

«ሩቅያን ነፍሷ ገና ሳይጠና፣ በሳምንቷ። ምንም ሳይነካት እንቅደምላት ብዬ።» ዐይናቸው ሞላ። «ደሙ እንቢ አለ። ጥጥ ብናደርግ፣ አመድ ብናደርግ እንቢ አለ። ቀኗ ነው አሉኝ። ዓብዱልሀኪምን ግን አስቆርጬው ይኸው ተረፈ! እህቶቹም ተርፈዋል። አየሽ? አንቺ ልጅ ነሽ፣ አልቀበርሽም፣ አታውቂም። የማውቀው እኔ ነኝ።»

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። እሳቸው ከነዚያ ሁለት ልጆች በኋላ እንቅልፍ አጥተው አርባ ዓመት የኖሩት ለካ በዚህች አንዲት ትምህርት ነው፤ ዘገየሁ፣ ልቅደም። ልጄን ጭናቸው ላይ የጠፈሯት ስለሚወዷት ነው። ገባኝ። ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

ምላጩ ንጹሕ ስላልነበረ ነው ብዬ እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ምላጭ አዲስ ነው፤ ያንን ካልኩ በአዲስ ምላጭ ያስቆርጧታል።

«እማ ዘሃራ፣ ሙዓዝ የያዘው ጉንፋን ነበር» አልኳቸው። «ቢተዉት ይድን ነበር። የገደለው መንጋጋ ቆልፍ ነው። በቁስሉ ነው የገባበት። ባይቆረጥ ቁስል አይኖረውም ነበር። አልዘገያችሁም። ጭራሽ መቆረጥ አልነበረበትም።»

«አይደለም» አሉ።

«ሩቅያስ፣ ስትቆረጥ ምን አሟት ነበር?»

«ምንም።»

«ጤነኛ ነበረች?»

«ጤነኛ ነበረች።»

«ስትቆረጥ የያዛት ማን ነው?»

መልሱን አፋቸው ከማውጣቱ በፊት ፊታቸው ላይ አየሁት። ቢሆንም ጠበቅኩ። ካርድ ላይ ግማሽ መልስ አይጻፍም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጭኔ ላይ ነበረች።»

«ሙዓዝንስ?»

«እኔው።»

«እንግዲያው ልጆችዎን እንጥል አልገደላቸውም። እርስዎ ይዘው አሳረዷቸው።»

አልጮህኩም። ኑሰይባ ጡት አፏ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እማ ዘሃራ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ሼኹ ቀደር ነው ብለውኛል እኮ። አላህ የጻፈው ነው፣ ታገሺ ብለውኛል።»

«አላህ ወጌሻ ጥሪ አላለዎትም።»

አላለቀሱም። ጉልበታቸው ላይ ያለውን የቀሚሳቸውን ጨርቅ በመዳፋቸው መጥረግ ጀመሩ፣ ከምግብ በኋላ ፍርፋሪ እንደሚያራግፍ ሰው። ፍርፋሪ አልነበረም። ጠረጉ፣ ጠረጉ፣ ከዚያ የአስር ሰላት ደርሶ ሊሰግዱ ተነሱ። ምላጩን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ ልጄን ታቅፌ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ማሸነፌን አውቄ ደስ አለኝ። ከመኝታ ክፍሉ የሚሰማው ድምፅ የሰላት አለመሆኑን ስለይ ነው የቀረው ደስታዬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ምክር ቀረ። እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! ኑሰይባን ያለ ኮፍያ በረንዳ ይዣት ብወጣ ዝም። ቀዝቃዛ ውሃ ብጠጣ ዝም። እኔ ደግሞ እፈትናቸው ጀመር፤ ልጅቷን ርጥብ ፀጉሯን ሳላደርቅ መስኮት ስር አስተኝቼ ጎናቸው ቆምኩ። አይተው፣ ዞር ብለው ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ። መስኮቱን ራሴ ዘጋሁት። ጉንፋኗ ለነገሩ በዚያው ሳምንት ለቀቃት። «አዩ፣ ዳነች» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መዳኗ ምን እንዳስታወሳቸው ከተናገርኩ በኋላ ነው የገባኝ።

ሥራቸውን አልተዉም። ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ቤት ይጠርጋሉ። እጃቸው ሁልጊዜ ሥራ ስለሚይዝ ልጅቷን አለመያዛቸውን ልብ አላልኩትም። እትዬ ሀብትነሽ ተመልሰው መጡ፤ ቂም አያውቁም፣ እግዜር ይስጣቸው። ኑሰይባ ሆዷ እንደደረቀ ሲሰሙ በሳሙና ቁራጭ ምን እንደሚደረግ መዘርዘር ጀመሩና «አይደል እንዴ ዘሃራ?» ብለው ዞሩ።

«እናቷን ጠይቂ» አሉ እማ ዘሃራ። «እኔ አላውቅም።»

እትዬ ሀብትነሽ እኔንም እሳቸውንም አዩ። ሻዩን ሳይጨርሱ ሄዱ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ አብረን ስናጥፍ ድንገት «ሩቅያ ብትኖር ካንቺ ትበልጥ ነበር» አሉኝ።

«ትበልጥ ነበር።»

«ባልቆርጣት ትኖር ነበር?»

አላህ ያውቃል ማለት ምንም አያስከፍለኝም ነበር። ማንም ሙስሊም ሊለው የሚገባ ቃል ነው፣ እውነትም ነው። ግን ወጌሻው ያለው ቡልጋሪያ ነው፣ አንድ ታክሲ። በዚያች በትንሿ «ምናልባት» በኩል ተመልሶ ይገባል ብዬ ፈራሁ።

«ትኖር ነበር» አልኳቸው።

የያዙትን የኑሰይባን ካናቴራ አጥፈው ከሌሎቹ ላይ አስቀመጡት።

ዓብዱልሀኪም ያወቀው ከእናቱ አይደለም፣ ከኔ ነው። እናቱ ለምን መብላት እንደተዉ ሲጠይቀኝ ያልኳቸውን ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም፣ ከዚያ ተቀመጠ።

«እርግጠኛ አይደለሁም በያት» አለኝ። «ሲሃም፣ በአላህ። ከየት ታውቂያለሽ? ሐኪም ነሽ? ተሳስቼ ሊሆን ይችላል በያት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ልጅህ ትቆረጣለች።»

«አትቆረጥም! እኔ አለሁ!»

«ያኔም ነበርክ።»

ይህን ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት። «እናቴን ገደልሻት» አለኝ። እኔም ልጅህን አዳንኩልህ አልኩት። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ስለዚህ የምንጨቃጨቅበት አልቀረንም። አሁን አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ነው የምንተኛው።

ፈቃዴ አለቀ። ሥራ የገባሁ ዕለት ጠዋት ወተቴን አልቤ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ በምን ሰዓት እንደሚሰጣት፣ እንዴት እንደሚሞቅ ነገርኳቸው። እማ ዘሃራ እያንዳንዱን ቃል እሺ፣ እሺ እያሉ ሰሙኝ። ቀደም ብሎ ቢሆን «አሁን ወተት ማሞቅ ለኔ ይነገራል?» ብለው ቤቱን ያተራምሱት ነበር። ስሜያት ወጣሁ። ክሊኒክ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። «ደህና ናት» አሉ፤ ከኋላቸው ታለቅሳለች። ደግሜ ደወልኩ። «ደህና ናት፣ ጠጥታለች» አሉ፤ አሁንም ታለቅሳለች። ሕፃን ያለቅሳል አልኩ። ሦስተኛ ስደውል ያው ልቅሶ ነው፣ ድምፁ ግን ደክሟል። አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ።

ከደረጃው ስር ጀምሮ ይሰማኝ ነበር። በሩን ስከፍት ኑሰይባ ፍራሹ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ጡጦው በተጠቀለለ ፎጣ ተደግፎ ነበር፣ ተንሸራትቶ ወተቱ አንገቷ ስር ፈሷል። ሽንቷ ከላይ እስከ ታች አርሷታል፣ ፊቷ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ሰልሏል። እማ ዘሃራ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ቅርብ ናቸው፤ ቢዘረጉ ይደርሱባታል። ሁለት እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ከትተው ጉልበታቸውን አጥፈው ወደ ደረታቸው ስበውታል፤ ልጅ የሚቀመጥበት ጭን አልነበራቸውም። እሳቸውም ያለቅሳሉ። ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱ እንደዋሉ ያስታውቃል።

«እማ ዘሃራ! ለምንድን ነው የማያነሷት?»

«ወተት ስጪ አልሽኝ፣ ሰጠኋት። ያዢ አላልሽኝም።»

ንዴት ፈለግኩ ፊታቸው ላይ። አሽሙር ቢሆን፣ ለበቀል ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እላቸው ነበር፣ ወይም እሰድባቸው ነበር፤ ሁለቱንም እችላለሁ። ግን አሽሙር አልነበረም። እኔን የሚያዩኝ ክሊኒክ በር ላይ ሰው እንደሚያየኝ ነበር። ሐኪም አይደለሁም ብዬ ብነግራቸው የማያምኑኝ ዐይን ነው።

«እንዴት ነው የሚያዘው?» አሉኝ። «እኔ አላውቅበትም፣ ሲሃም። አሳዪኝና ልያዛት።»

ኑሰይባን አነሳኋት፣ ልብሷን ቀየርኩላት። አባብዬ፣ ልቅሶዋ ወደ ሕቅታ ሲወርድ ፊት ለፊታቸው ተንበረከክኩ። ጉልበታቸውን ራሴ ዘረጋሁት። እጃቸውን ከሻርፑ ውስጥ አወጣሁት፤ ቀዝቅዟል። አምስት ልጅ ለወለዱ፣ እኔን እንኳ እንደ ሕፃን አጥበው ለቀለቡ ሴት፣ ሕፃን እንዴት እንደሚታቀፍ ማሳየት ጀመርኩ።

«ይሄኛው እጅ ከአንገቷ ስር። አዎ። ይሄኛው ደግሞ በዚህ በኩል።»

«እንዲህ?»

«እንዲህ።»

«አይጎዳትም?»

«አይጎዳትም።»

ኑሰይባ ፊቷን ወደ ደረታቸው አዞረች። እሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ክንዳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ቀሩ፤ ሊደፋ የደረሰ ነገር እንደያዘ ሰው። ላቡ በግንባራቸው ይወርዳል፤ ልጥረግልዎ ስል በዐይናቸው ከለከሉኝ። ቆይተው፣ እሷን እንዳይቀሰቅሱ በሹክሹክታ፣ «ነገም ከመውጣትሽ በፊት አሳዪኝ» አሉኝ።